ሦስት መፍትሔ ገዝተን ችግሩ አልለቀቀንም፦ አንሶላው የት ይገባል?

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡10

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ ሆቴል የቤት አያያዝ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ የሆቴሉ ስም ይቅር። 40 ክፍል፣ 56 አልጋ አለን። ችግራችን ሲናገሩት ቀላል ነው፦ እንግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ክፍሉን ሊረከብ ይመጣል፣ ክፍሉ ግን 10 ሰዓትም አይደርስም።

ይህ ሁለት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያ «ሰው አነሰ» ተባለና ሁለት የክፍል ሠራተኞች ተቀጠሩ። ቀጥሎ «ሰዉ ሰነፈ» ተባለና ለዘገየ ክፍልና ለጠፋ አንሶላ ከደመወዝ መቁረጥ ተጀመረ። ዘንድሮ ክረምት ደግሞ «ማሽን አነሰ» ተባለና ሁለተኛ የልብስ ማጠቢያ ተገዛ። ሦስቱም በገቡበት ሰሞን ተመርቀዋል፣ ተጨብጭቦላቸዋል። እንግዳው ግን አሁንም ሎቢ ውስጥ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከባሕር ዳር የመጡ 14 ቱሪስቶች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አንዲት አሮጊት ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ አስጎብኚው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አልተናገረም። ማታ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና «ማነው ያዘገየው?» አለ። እንግዳ መቀበያ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ወደ ላውንደሪ። ላውንደሪ «ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው» አለ። ጥገና ደግሞ መብራቱን ከሰሰ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥፋቱ ከሎቢው ተነሥቶ ከተማው ውሃ የሚያገኝበት አንገረብ ግድብ ደረሰ፤ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ስለሌለ ስብሰባው ተበተነ።

አሁን ከጥምቀት በፊት ማድረቂያ ማሽን ይገዛ እየተባለ ነው። ማድረቂያውን ጠልቼ አይደለም፤ አራተኛ ጊዜ እንዳንሳሳት ፈርቼ ነው። የምጠይቃችሁም ይህን ነው፦ ከየክፍሉ ሰው አስቀምጦ ነገሩን አብሮ ማየት እንዴት ይቻላል? «ስብሰባ» ሲባል ሰዉ ግምገማ ይመስለውና አፉን ይዘጋል።

ባለ ጋራዥ ዘአዘዞ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡42

እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ ስብሰባ አንሶላ አያጥብም። ጥምቀት ሁለት ወር ነው የቀረው። መቶ አንሶላ ግዙ፣ ነገሩ ያልቃል። ሁሉም ተቀምጦ ችግሩን «ሲረዳ» ደመወዝ የሚከፍለው ማነው? እኔ አሥራ ሁለት ሠራተኛ አስተዳድራለሁ፤ ለእያንዳንዱ ነገር ክብ ሠርተን ብንቀመጥ አንድ መኪና ከግቢዬ አይወጣም ነበር።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡30

ልጄ፣ ሥራ አስኪያጅሽ ያደረገው አውጫጭኝ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። በድሮ ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም ነበር፤ አፈርሳታም ይሉታል። ለሌባ ይሠራል፤ ሌባ አንድ ሰው ነዋ። የእናንተ ሌባ ሰው ባይሆንስ?

እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ፋይል ጠፋ በተባለ ቁጥር አንድ ልጅ ይቀጣል። ብዙ ጊዜ የቀጣሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው የገባኝ፦ አንዱን ባለ ጉዳይ አንዱ ቢሮ በአባቱ ስም፣ ሌላው በይዞታው ቁጥር፣ ሦስተኛው ጉዳዩ በገባበት ቀን ይመዘግበው ነበር። ፋይሉ አልጠፋም፤ ስሙ ሦስት ነበር። ሦስቱን ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው ስላልነበረ ያ ሁሉ ልጅ በከንቱ ተቀጣ።

ለባለ ጋራዡ፦ አንተም መኪናውን ሳትሰማ መፍቻ አታነሣም መቼም።

ባለ ጋራዥ ዘአዘዞ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡51

እሰማለሁ ጋሼ። ግን ብቻዬን ነው የምሰማው።

ሲስተር ከማራኪ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡05

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት ከአንድ ዓመት በፊት ደምቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር። ያን ጊዜ የታሰበው ሐኪም ብቻ ማብዛት አልነበረም፤ ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንድ ላይ ሠልጥነው አንድ ላይ ገጠር እንዲወርዱ ነው። ይህ የቡድን ሥልጠና ዛሬም አለ፤ እኔም በእርሱ ያለፍሁ ነኝ።

ቡድናችን የወረደበት ቀበሌ ውስጥ የሕፃናት ተቅማጥ በዝቶ ነበር። ገና ከመኪናው ሳንወርድ መፍትሔ ነበረን፦ ስለ መጸዳጃ ቤት ትምህርት መስጠት። መምህራችን ግን ቤት ለቤት ዞረን ሳንጨርስ አንዲት ቃል እንዳናስተምር ከለከሉን። በጣም ተናደድሁ። ዞርን። የአካባቢ ጤናው ልጅ ጉድጓድ አየ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ ትላትል አየች፣ እኔ የጡት አጠባብ አየሁ። እያንዳንዳችን የየሙያችንን ነው ያየነው። ሁሉንም አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስንጽፈው ግን ለማንኛችንም ያልታየ ነገር መካከል ላይ ባዶውን ቀረ፦ መንደሩ የተጠበቀ ምንጭ አለው፣ ታዲያ ሰዉ ለምን ከወንዝ ይቀዳል? አንዲት እናት ሳቁብን። «ምንጩ ይንጠባጠባል፤ ወረፋው እስኪደርሰኝ ልጆቼ ይራባሉ።» የምንጩ ውሃ ንጹሕ ነው፤ ሰዉን የሚሰድደው ወረፋው ነው።

ስለዚህ ገና አትሰብሰቡ። መጀመሪያ ዙሩ። እኛ ቤት ለቤት እንደ ዞርነው እናንተ ከአንሶላው ጋር ዙሩ። ከአልጋ ሲነሣ ተከተሉት፣ አልጋ ላይ እስኪመለስ አትልቀቁት።

ፋብሪካ የቆየ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡20

ሲስተር ያለችውን ጃፓኖቹ ሥራው ወዳለበት ሂድና በዓይንህ እይ ይሉታል። ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ማሻሻል የሚለው የእነርሱ አሠራር፣ እኛም ዘንድ ገብቷል፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ በኋላ ከሠለጠኑት አንዱ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ በነበርሁበት ፋብሪካ ወለሉን ቢጫ ቀለም ቀባን፣ አምስቱን «ማ»ዎች (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚሄዱትን የሥራ ቦታ ደንቦች) ግድግዳ ላይ ሰቀልን፣ ፎቶ ተነሣን። ሠራተኛውን የጠየቀ ግን አልነበረም። ቀለሙ በዓመቱ ለቀቀ።

ከሥልጠናው የያዝሁት አንድ ነገር ቶዮታ ያስለመደው «አምስት ጊዜ ለምን» ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። «ለምን» እያሉ መውረድ አንድ ክር ይዞ መውረድ ነው፤ የእናንተ የተጠላለፈ ይመስላል። ያንኑ «ለምን» ከእንግዳ መቀበያ ብትጀምሩትና ከላውንደሪ ብትጀምሩት የምትደርሱበት ቦታ ይለያያል። የአንድ ችግር ምክንያቶች እንደ አጥንት ከግራና ከቀኝ የሚሣሉበት የዓሣ አጥንት የሚባለውም ሥዕል አለ፤ የጃፓናዊው ኢሺካዋ ነው። ዓሣው ከጎርጎራ ይመጣልናል፣ አጥንቱን ግን ከጃፓን አስመጣን።

ሌላው፣ አጠያየቁ። «ለምን ዘገየህ?» ከተባለ ሰው ራሱን ይከላከላል። «ሲዘገይ አንተ ካለህበት ምን ይታይሃል?» ከተባለ ያየውን ይናገራል። ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አትሰብስቧቸው።

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡00

ሲስተር፣ ምክርሽን ዛሬውኑ ጀመርነው። አንሶላ ሁሉ ነጭ ነው፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የአሥር አንሶላዎችን ጥግ በቀይ ክር ሰፋን፤ ሁለት ስፌት ብቻ፣ እንግዳው የማያየው። የሰፋችው የላውንደሪዋ እትዬ ናት፤ ምንም ሳትጠይቅ ሰፋችና በመጨረሻው ላይ «ሌባ ልትይዙ ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ አንሶላው የት እንደሚውል ለማወቅ ነው» አልሁ። ያመነችኝ አይመስለኝም።

በየደረሰበት ቀኑንና ሰዓቱን የሚጽፍ አንድ ደብተር ተከፍቷል።

ባለ ጋራዥ ዘአዘዞ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2፡25

ይህችን ወደድኋት። ስብሰባ የለባትም።

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 3፡30

ስምንት ቀን ሆነን። ከአሥሩ አንሶላዎች ስምንቱ ዞረው ተመልሰዋል፤ ሁለቱ የሉም። ስምንቱ ከአልጋ ተነሥተው ታጥፈው መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጡ በአማካይ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። እኔ አንድ ቀን መስሎኝ ነበር። እንኳን እኔ፣ የላውንደሪዋ እትዬም አንድ ቀን መስሏት ነበር።

ደብተሩ ያሳየን ጉድ ይህ ነው። እጥበት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጣሪያው ላይ በዚህ በኅዳር ፀሐይና ነፋስ በሦስት ሰዓት ይደርቃል። ከዚያ መተኮሻው ክፍል ይገባና ሁለት ቀን ቅርጫት ውስጥ ይተኛል! ምክንያቱ ደግሞ ትልቁ የአንሶላ መተኮሻና የወጥ ቤቱ ዳቦ መጋገሪያ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ከተበሩ ብሬከሩ ይወድቃል። ለቁርስ ዳቦ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለምሳ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ይጋገራል። ተኳሿ በሰላም የምትሠራው ከ7 እስከ 11 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

እኛ ታዲያ በክረምት ምን ገዛን? ማጠቢያ። ቅርጫቱን በፍጥነት የሚሞላ ማሽን ገዛን። አሁን ማድረቂያ ልንገዛ ነበር።

ሼፉ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «ብሬከሩ ሲወድቅ እኔ የማውቀው ዳቦዬ መበላሸቱን ነው» አለ። ሁለት ዓመት አንድ ኮሪደር ላይ ሠርተናል።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። መዝገብ ላይ 320 አንሶላ አለን። በሙያችን ለአንድ አልጋ ሦስት ቅያሬ ይባላል፤ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። 56 አልጋ በሁለት አንሶላ 112፤ ሦስት ጊዜ 336። ከሚያስፈልገን የጎደለው ጥቂት ነው። ታዲያ መደርደሪያችን ሁልጊዜ ባዶ የሚሆነው ስለ ምን ነው?

የስታቲስቲክስ መምህር
ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይህን በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። በቀን በአማካይ ስንት አንሶላ ይቀየራል?

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 3፡40

ወደ 50።

የስታቲስቲክስ መምህር
ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 4፡20

እንግዲህ ጆን ሊትል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ አለ፤ ለባንክ ወረፋም ለአንሶላም ይሠራል። በመንገድ ላይ ያለው ብዛት በቀን ከሚገባው ብዛትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ቀን ብዜት ጋር እኩል ነው። 50 በ3፣ 150። ይህም ማለት በማንኛውም ሰዓት 150 አንሶላ ቅርጫት፣ ገመድና መተኮሻ ላይ ነው። አልጋ ላይ ያለው 112። ድምር 262። ከ320 ላይ ሲነሣ 58 ይቀራል። እነዚህ 58 መደርደሪያ ላይ መሆን ነበረባቸው። ከሌሉ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ይህ ከሒሳብ ውጭ ስለሆነ እኔን አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው ነው። ወረፋ የሚረዝመው ሥራው ከአቅም ሲያልፍ ብቻ አይደለም። አቅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስም ይረዝማል። መተኮሻው በቀን 55 ቢያወጣና 50 ቢገባለት በአማካይ ይበቃዋል፤ ግን አንድ ቀን 70 ገብቶ ብሬከሩ ቢወድቅ ያን ቀን የተከመረውን ለመጨረስ ሳምንት ይፈጃል። ከውጭ የሚያይ ሰው «ተኳሿ ሰነፈች» ይላል።

ባለ ጋራዡ መቶ አንሶላ ግዙ ያለው ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ነበር። ከዚያ መቶውም ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

ባለ ጋራዥ ዘአዘዞ
ኅዳር 20፣ ከቀኑ 7፡02

ገባኝ። ግን አስተማሪው፣ ጥምቀት ላይ እንግዳ ቆሞ ሲጠብቅ ብዜት ልትነግረው ነው? የሚደማውን ማሰር አለ፣ ቁስሉን ማከም አለ። እኔ ስለ ማሰሩ ነው የተናገርሁት። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ «ገና እየተረዳን ነው» እያሉ ሰው ማስደማትም ጥፋት ነው።

ሲስተር ከማራኪ
ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1፡15

በዚህ ከባለ ጋራዡ ጋር ነኝ። እኛም ያን ጊዜ ለታመሙት ሕፃናት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጠን ነው ቤት ለቤት የዞርነው።

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 4፡05

58ቱን ላወራችሁ ነው። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ወንበር አልነበረም፤ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ነው የተቀመጥነው። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው፤ ሼፉም፣ የእንግዳ መቀበያው ልጅም፣ የጥገናው ሰውም። ቡና ተፈላ። ሥራ አስኪያጁ ልምጣ አለ፤ እንዳይናገር ለመንሁትና ቃሉን ጠበቀ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ሲኒውን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። የተጣለ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባው ላይ የአንሶላውን መንገድ በከሰል ሣልን።

ሥዕሉ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። የመምህሩን ሒሳብ አሳየሁ፤ 58። ዝም። ማንም ማንንም አያይም። ያን ጊዜ የማልወደውን ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ገባኝ። «ባለፈው ዓመት ለጠፋ አንሶላ ከደመወዝ ይቆረጥ ብዬ ያቀረብሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔም ራሴ ቢሮዬ ካቢኔት ውስጥ ስድስት አንሶላ ደብቄአለሁ። ድንገት ትልቅ እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው።» ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አየኝ። ሲኒውን አልለቀቀም።

የሦስተኛ ፎቅ ልጅ ከቅርጫቱ ተነሣች። ምንም አልተናገረችም። ከሽርጧ ኪስ ቁልፍ አውጥታ ደረጃውን ወጣች፤ ተከተልናት። የመጥረጊያውን ቁም ሣጥን ከፈተች። ባልዲውንና መወልወያውን ወደ ጎን አደረገች። ከኋላ በጥቁር ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ የታጠፈ፣ 18 አንሶላ። ሁለተኛው ከላይ ጥጉ ላይ ቀይ ክር ነበረው።

«አልሰረቅሁም» አለች። «ለሐሙስ ነው።»

ሐሙስ የቡድን እንግዳ የሚበዛበት ቀን ነው። ሐሙስ አንሶላ አጥታ ክፍሏ ዘግይቶ ሁለት ጊዜ ተቀጥታለች፤ ያቀጣኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ትደብቃለች። እሷ ስትደብቅ ሁለተኛ ፎቅ ያጣል፤ ሁለተኛ ፎቅም ይደብቃል። መደርደሪያው ሲራቆት ላውንደሪ «አምስት አንሶላ ቶሎ!» እየተባለ ሙሉ ማሽን መጠበቁን ይተውና በጥቂት በጥቂቱ ያጥባል፤ በፈረቃ የመጣው ውሃ ከሮቶው ያልቃል። ያ ደግሞ መዘግየትን ያመጣል፣ መዘግየቱ ቅጣትን፣ ቅጣቱ መደበቅን። ከሰሉን ይዤ ይህን መስመር ስስለው ዞሮ ዞሮ የጀመርሁበት ቦታ መጣ። ቅጣቱ ላይ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ብሬከሩን ፈርተን ልጆቹን ስንመታ ኖርን።

በመጨረሻ ከሦስተኛ ፎቅ 18፣ ከሁለተኛ 16፣ ከአንደኛ 7፣ ከእኔ 6፤ በድምሩ 47 ወጣ። 11 ይጎድላል፤ ከእነርሱም አንዱ አሥረኛው ባለ ቀይ ክር ነው።

ጡረተኛው መዝገብ ቤት
ኅዳር 25፣ ከምሽቱ 4፡40

ተባረኪ ልጄ። እኔ ይህን ለመናገር ጡረታ መውጣት ነበረብኝ።

ሻንጣ ተቀባይ
ኅዳር 26፣ ከጠዋቱ 1፡30

እኔ ሌላ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው የምሠራው፤ አንድ ነገር ላንሣ። ስሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶች ወደ ደባርቅ የሚነሡት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ክፍላቸው ከ12 ጀምሮ ባዶ ነው ማለት ነው። የቤት አያያዝ ክፍል ግን የወጡትን እንግዶች ዝርዝር የሚያገኘው ስንት ሰዓት ነው? እኛ ዘንድ 3 ሰዓት ነው፤ የሌሊቱ ሒሳብ ተዘግቶ፣ ተፈርሞ፣ ታትሞ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ ክፍል ተቆልፎ ይውላል።

የፎቁ ኃላፊ
ኅዳር 26፣ ከጠዋቱ 2፡10

ጉድ ነው። እኛም ዘንድ 3 ሰዓት ነው። ሥዕላችን ላይ ይህ የለም፤ ሥዕሉን የጀመርነው ከአልጋ እንጂ ከበሩ አልነበረም።

የስታቲስቲክስ መምህር
ኅዳር 26፣ ከቀኑ 6፡00

ሪትልና ዌበር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ማኅበራዊ ዕቅድ ሲጽፉ እንዲህ ዓይነቱን ችግር ለይተው አውጥተውታል፤ ችግሩን የምትገልጽበት መንገድ ራሱ መፍትሔውን ይወስነዋል፣ የሞከርኸው መፍትሔም ሁሉ አሻራውን ይተዋል ይላሉ። «ማሽን አነሰ» ካልህ ማሽን ትገዛለህ። የገዛኸውን ደግሞ አትመልሰውም።

ኖራና ድንጋይ
ኅዳር 27፣ ከምሽቱ 1፡50

ግንበኛ ነኝ፤ ስለ ሆቴል አላውቅም። ስለማይመለስ መፍትሔ ሲነሣ ግን ፋሲል ግቢ ትዝ አለኝ። ጣልያን እዚህ በነበረበት ዘመን ግንቦቹን ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቀመ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ያየ ሰው ይመቸዋል። የድሮው ግንብ ግን በኖራ የተያያዘ ነው፤ ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ ውሃው ውስጥ ውስጡን ድንጋዩን ይበላዋል። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ማንሣቱ ከመለጠፉ ይከብዳል፤ ድንጋዩን ይዞ ነው የሚመጣው።

ያቺን የቅጣት ደንብ ስታነሡ ተጠንቀቁ። ሰዉ ውስጥ የገባው ፍርሃት በማስታወቂያ አይወጣም።

ባለ ጋራዥ ዘአዘዞ
ኅዳር 27፣ ከምሽቱ 2፡15

እሺ፣ ሁሉም ገባችሁ። አሁን ማን ይቆርጣል? አሥራ ሁለት ሰው ገብቶት አንድም ሰው ካልወሰነ መኪናው ጉድጓድ ላይ እንደ ቆመ ነው። ይህን የምለው ለመቃወም አይደለም፤ አይቼዋለሁ።

የፎቁ ኃላፊ
ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 3፡20

ባለ ጋራዥ፣ ጥያቄህ ልክ ነበር። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ቆረጠ፤ ግን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሳይሆን ከሥዕሉ ፊት ቆሞ። ማድረቂያው ቀረ። ቅጣቱ ቀረ፤ «ይቅርታ» የሚል ቃልም ተናግሯል፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ማታ ማታ የስሜን ተጓዦችን ክፍል ቁጥር በእጁ ጽፎ ፎቆቹ ላይ ያስቀምጣል።

መተኮሱን ወደ ማታ ልናዛውረው ነበር፤ ከ7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3፣ መጋገሪያው በማይሠራበት። ወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነበር። ከመወሰኑ በፊት ተኳሿን ጠየቅናት። «ከምሽቱ 3 ሰዓት አዘዞ በምን ልሂድ?» አለች። ማንም አላሰበውም ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፦ ሁለት ማታ እሷ ትተኩሳለች፣ ሦስት ማታ የሁለተኛ ፎቅ ልጅ፤ ባጃጁን ሆቴሉ ይከፍላል። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ለመጋገሪያው የብቻው መስመር ሊዘረጋ ነው፤ ወጪው ከማድረቂያው ያነሰ ነው፤ ግን ከጥምቀት በፊት ይደርሳል ብዬ አልምልም።

አንሶላ አሁን በአንድ ቀን ተኩል ይመለሳል። መምህሩ ሳይነግረኝ ራሴ አባዝቼዋለሁ፦ 75። ክፍሎቹ ሁሉም 8 ሰዓት ይደርሳሉ ማለት አልችልም፤ ባለፈው ቅዳሜ አራቱ ዘግይተዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አሁንም አንሶላ ይደበቃል፤ 5 ብቻ። አይቼ እንዳላየሁ አልፌአለሁ። ግንበኛው እንዳለው ነው።

ሲስተር ከማራኪ
ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 3፡45

አሥረኛው ባለ ቀይ ክርስ?

የፎቁ ኃላፊ
ታኅሣሥ 15፣ ከምሽቱ 4፡00

ትናንት ተገኘ። የሌሊት ጥበቃው አባባ ከጋቢያቸው ሥር ደርበውት። የዚህ ከተማ የታኅሣሥ ሌሊት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የጥበቃ ቤቱ በር ደግሞ አይገጥምም። «ተቀድዶ ተጥሎ አገኘሁት» አሉ፤ እውነትም ጫፉ ተቀድዷል። ከጎደሉት 11 ውስጥ ሦስት ሌሎችም በሩን ለመወተፍ ገብተዋል። ሥዕላችን ላይ የጥበቃ ቤት የሚባል አልነበረም።

ብርድ ልብስ ተገዝቶላቸዋል። አንሶላውን ግን አልመልስም ብለዋል።